ላንብበው ወይስ ላዳምጠው? የአማርኛ ልብ ወለድ በመጽሐፍና በትረካ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማ ሰውና ከመጽሐፉ ያነበበ ሰው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲያወሩ ልዩነታቸው ወዲያው ይታወቃል። የሰማው ሰው ፊታውራሪውን ሲያነሣ ፊቱ ይፈካል፤ ቁጣቸውን፣ ፉከራቸውን፣ በቤተሰቡ ላይ ሲጮኹ የሚያወጡትን ድምፅ አስመስሎ ያሳያችኋል። ያነበበው ደግሞ ስለ ልጃቸው ስለ ሰብለ ወንጌል ዕጣ፣ በባላገሩ ላይ ስለሚጫነው ግብር፣ የዘር ኩራት አንድን ቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያፈርስ ያወራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መጽሐፉ ሁለቱንም ይዟል። ጆሮ ይዞት የሚቀረውና ዓይን ይዞት የሚቀረው ግን ለየቅል ነው።

ሰሞኑን ያነበብኳቸውንና የሰማኋቸውን ልብ ወለዶች ለወዳጆቼ ሳወራ «ታዲያ ልግዛው ወይስ ላዳምጠው?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚፈታው በሚመቸው ሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ ከሆነ ትረካ፣ ቤት ከሆነ መጽሐፍ። ይህ በቂ መልስ አይመስለኝም። መጀመሪያ መወሰን ያለበት መጽሐፉ ራሱ ነው። የሚተርከው ማን ነው? ጊዜው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ይመላለሳል? ስንት ሰው ይርመሰመስበታል? ውበቱ ሲነገር የሚሰማ ነው ወይስ ተመልሶ በማንበብ የሚገኝ? እነዚህን ከመለሳችሁ በኋላ የታክሲው ሰልፍና የኩሽናው ሥራ ይታሰባል።

ሁለቱም የሚያስፈልጉት መጽሐፍ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ገና ከመግቢያው ነው። ታሪኩ ከሰብለ ወዳጅ ከበዛብህ ሳይሆን ከወላጆቹ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ፣ ከማንኩሳ ይነሣልና የፍቅሩን ታሪክ ለማግኘት የሚቸኩል አንባቢ ትዕግሥቱ ያልቃል። በትረካ ግን ያው ክፍል ይጣፍጣል። የአገር ቤት ሰው ሲያወራ መስማት የለመደ ጆሮ አይቸኩልም፤ የሰው ቤት ታሪክ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን ምን አለ፣ ሲነገር ነው የሚያምረው።

ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ለእያንዳንዱ ባለታሪክ የራሱን ድምፅ ሰጠው። መጽሐፉ በንግግር የተሞላ ስለሆነ፣ ሙግት፣ ሽምግልና፣ ዛቻ፣ ልመና ስላለበት፣ ድምፁን የሚጠብቅ መጽሐፍ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ስንት ሰው ሳይታወቀው በወጋየሁ ድምፅ ያነበዋል።

እዚህ ላይ ግን ከባለታሪኮቹ አንዱን፣ ሰው እብድ የሚለውን ጉዱ ካሣን እንየው። የኅብረተሰቡን አሠራር ከድንጋይ ካብ ጋር እያመሳሰለ የሚናገርበት ቦታ አለ። በትረካ ይህ ቦታ በስሜት ያልፋል። ተራኪው ግለቱን ይዞት ይነጉዳል፣ ሰሚውም በግለቱ ተይዞ «እውነቱን ነው!» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሐሳቡ ምን ያህል ደፋር እንደሆነ፣ ከታች ያለው ድንጋይ ቢነቃነቅ ከላዩ የተቀመጠው ሁሉ ምን እንደሚሆን ደራሲው ከአብዮቱ 8 ዓመት ቀድመው እያሰቡ እንደነበር የሚገባችሁ አንቀጹን ደግማችሁ፣ ጣታችሁን መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ስታነቡት ነው። ጉዱ ካሣ በጆሮ ደግ እብድ ነው። በዓይን ግን መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጤነኛው ሰው እሱ ይሆናል።

ስለዚህ ለዚህ መጽሐፍ ምክሬ እንዲህ ነው። ረጅም ልብ ወለድ አንብቦ የመጨረስ ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ ይስማው፣ ከዚያ ጉዱ ካሣ ያለበትን ክፍል ሁሉ ከመጽሐፉ ፈልጎ ያንብብ። የንባብ ሰው የሆነ ግን መጀመሪያ ያንብብ። ምክንያቱም የወጋየሁ ድምፅ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ የራሳችሁ ሰብለና የራሳችሁ በዛብህ በአእምሯችሁ ከመሣላቸው በፊት የእሱን ከሰማችሁ፣ የራሳችሁን መሣል አትችሉም። ይህ ለተራኪው ትልቅ ምስጋና ነው፣ ለአንባቢው ግን መታወቅ ያለበት ዋጋ ነው።

በዓሉ ግርማ፦ አንዱ ለጆሮ፣ አንዱ ለዓይን

«ኦሮማይ»ን ለጆሮ እመርጠዋለሁ። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባለው ጋዜጠኛ ያየውን በራሱ አንደበት ነው የሚያወራው። በ1974 ዓ.ም. በአሥመራ የተጀመረውን የደርግ ጦር የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ የሆቴሉን ጨዋታ፣ ከፊያሜታ ጋር የሚገባበትን ጣጣ፣ በመጨረሻም የናቅፋን ውጊያ ሲተርክ፣ የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ጥሩ ድምፅ ይበቃል። ንግግሩ አጭርና ፈጣን ነው፤ ተራኪው ብዙ መልፋት የለበትም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መነሣቱንና ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጡ መቅረታቸውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «እኔ» እያለ የሚናገረውን ያንን ድምፅ ሲሰማ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። እኔ የናቅፋን ክፍል እየሰማሁ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

አንድ ችግር አለው። ባለሥልጣኑ፣ የጦር መኮንኑ፣ ሰላዩ፣ ጋዜጠኛው ስማቸው ተከታትሎ ይመጣል። መጽሐፍ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ገልጦ «ይሄ ማን ነበር?» ይላል። የሚያዳምጥ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምዕራፎች ስሞቹን ከነሥራቸው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ አያስፈልጋችሁም።

የዚያው ደራሲ «ከአድማስ ባሻገር» ግን ለዓይን ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ አጭር ነው፤ አበራ ወርቁ በመሥሪያ ቤት ኑሮውና በሥዕል ፍቅሩ መሃል የሚዋዥቀው ደግሞ በልቡ ውስጥ ነው። የልብ ሙግት በጆሮ ሲመጣ ወይ ይጋነናል ወይ ይፈዛል። ይህን በዝምታ አንብቡት።

ዴርቶጋዳ እና መሰሎቹ

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ይዘው የማያውቁ ወጣቶች ተሻምተው እንዳነበቡት ይታወቃል። ከጣና ገዳማት እስከ ስለላ ድርጅቶች የሚዘልቅ፣ ምስጢር በምስጢር ላይ የሚደራረብበት ታሪክ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ለረጅም መንገድ ትረካ የተሠራ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚሰማው ጥድፊያው ደስታ ነው። በወረቀት ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ማለት ይጀምራል፣ ያኔ ደስታው ይቀንሳል። ትዕይንት በትዕይንት የሚሮጥ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ፣ የማንም ይሁን የማን፣ በጆሮ ሞክሩት።

በትረካ የማልመክራቸው

አዳም ረታ። «ግራጫ ቃጭሎች»ንም ሆነ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን ከመጽሐፍ ውጪ ለመቀበል መሞከር መጽሐፉን ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ደራሲው ራሱ ሕጽናዊነት በሚለው አጻጻፍ አንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር በስስ ክር ይያያዛል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ሽታ፣ በአንዱ ታሪክ ዳር ላይ የቆመ ሰው፣ ከብዙ ገጽ በኋላ በሌላው መሃል ላይ ይገኛል። አንባቢው ያኔ ቆም ይላል፣ ወደ ኋላ ይገልጣል፣ ቦታውን ያገኘዋል፣ ሁለቱን ያስተያያል። የንባቡ ደስታ ያለው እዚያ መግለጥ ላይ ነው። ማዳመጫው ላይ ያለው 15 ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ይህን ሊሠራ አይችልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ አለ። አዳም አንድን ተራ ነገር፣ የግቢ በር፣ የጎረቤት ወግ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ዞሮ ዞሮ ሲገልጸው ዓይን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ይዘገያል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል። ጆሮ በተራኪው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሄደው።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም እንዲሁ። ከ«ከአድማስ ባሻገር» ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1962 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ አንዱን በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ፣ ሌላው ወር ይፈጃል። የሰሜን ሸዋ አነጋገሩ ጥልቅ ነው፣ ክርክሩ ረጅም፣ ገለጻው ጥቅጥቅ ያለ። አንዳንዱን ቃል ሽማግሌ መጠየቅ ወይም መዝገበ ቃላት መግለጥ ያስፈልጋል። ይህን መጽሐፍ ሦስት አራት ሆነው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ገጽ እያነበቡ ቢወያዩበት ብቻውን ከሚታገለው ሰው የተሻለ ያገኙበታል።

የትርጉም ልብ ወለድ ላይ የምለው አጭር ነው። የባዕድ ስም ለጆሮ ይከብዳል። ነቢይ መኰንን በእስር ቤት ሆነው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎሙት «ነገም ሌላ ቀን ነው» እንኳ፣ አማርኛው ያን ያህል ውብ ሆኖ ሳለ፣ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም በዓይን አንዴ ካላዩት ይምታታል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አንብቡ፣ ከዚያ ትረካ ካገኛችሁ ቀጥሉ።

ተራኪውን በ10 ደቂቃ መመዘን

ጥሩ መጽሐፍ በመጥፎ ትረካ ከሚሰማ ባይሰማ ይሻላል። መጀመሪያ ጠበቅና ላላውን አዳምጡ። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ አንባቢ በአእምሮው ያስተካክለዋል፣ ተራኪ ግን አስቀድሞ አንብቦ መወሰን አለበት። የሚጠብቀውን አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ፣ ከዚያ «ይቅርታ» ሳይል የሚቀጥል ተራኪ ጽሑፉን ሳያነብ ነው ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠው። ሌላው ትንፋሽ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው መሃል ላይ ይተነፍሳል፣ ግሡ ከባለቤቱ ይለያያል፣ አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ሰሚው ይጠፋበታል። ሦስተኛው ከጀርባ የሚገባው ሙዚቃ ነው። በዋሽንትና በክራር የታጀበ ትረካ ደስ ይላል፤ ሙዚቃው ድምፁን ከሸፈነው ግን ተዉት።

ተራኪዎች በሁለት ይከፈላሉ ብል ያስኬዳል። አንደኛው ይተውናል፤ ወጋየሁና ፍቃዱ ተክለማርያም ከመድረክ የመጡ ናቸውና ባለታሪኩን ሆነው ይናገሩ ነበር። ሌላው ያነባል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጽሑፉን ብቻ ያቀብላል። በሸገር ኤፍኤም 102.1 የአንዷለም ተስፋዬን ትረካ የሚከታተሉ ሰዎች የሚወዱት ይህንን የተረጋጋ አነባበብ ይመስለኛል። ንግግር ለበዛበት መጽሐፍ የሚተውነውን፣ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ለሚያወራበት መጽሐፍ የሚያነበውን ምረጡ። ሲቀላቀል ያስቀይማል፤ በጸጥታ መነበብ ያለበትን ሐዘን እያለቀሰ የሚተርክ ሰው ሐዘኑን ከሰሚው ይነጥቀዋል።

ለሬዲዮ ተብሎ የተዘጋጀ ትረካ ለጊዜ ሲባል ተቀንጭቦ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ከፍታችሁ ከትረካው ጋር አስተያዩ። አንቀጽ ከዘለለ፣ ስለ መጽሐፉ ከሰው ጋር ስትከራከሩ ይህን አስቡ። የሰማችሁት ላይ ያልነበረ ነገር ሊኖር ይችላልና።

ሰዓትና ዳታ

አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ በራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ስለዚህ የ500 ገጽ መጽሐፍ ሙሉ ትረካ ከ17 እስከ 25 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በዝምታ የሚያነብ ሰው ከዚህ ባነሰ ይጨርሳል። «ጊዜ የለኝም፣ ትረካ ይቀለኛል» የሚል ሰው በሰዓት አያተርፍም። የሚያተርፈው እጁና ዓይኑ ሥራ ላይ እያሉ መስማት መቻሉን ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልብስ የምትተኩስ፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የምትውል፣ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ መጽሐፍ መግለጥ የማይችልበትን ሰዓት ልብ ወለድ ይሞላለታል። ፍጥነቱን ወደ 1.25 ማድረግ ለዴርቶጋዳ ይሠራል፤ ለሐዲስ ዓለማየሁ ግን ነውር ነው እላለሁ።

ዳታ የሚቆጥር ሰው ይህን ይያዝ። በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 20 ሰዓት ቢሆን 580 ሜጋባይት አካባቢ። ያንኑ በቪዲዮ ከሰማችሁት ሥዕሉ ባይንቀሳቀስም የበለጠ ይበላል፣ በብዙ ስልክ ደግሞ ስክሪኑ ካልበራ ይቆማል፣ ባትሪውም አብሮ ያልቃል። የድምፅ ፋይሉን ዋይፋይ ባለበት አውርዶ መያዝ ይሻላል። «ተራኪ» የተባለውን የመሰሉ የትረካ መተግበሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፍ መግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ በዛሬው የወረቀት ዋጋ ደግሞ ለብዙ ሰው አይፈቅድም፣ ከአዟሪዎችና ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በቅናሽ ይገኛል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ያለ ፈቃድ የተለቀቀ ነገር

ይህን በጥብቅ ነው የምለው። በቴሌግራም የሚዞረው የመጽሐፍ ፎቶና ማንም ሳይፈቅድለት አንብቦ የሚለቀው ትረካ የደራሲውን እንጀራ ይነካል። «የድሮ መጽሐፍ ነው፣ ምን አለበት?» የሚል አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት የወራሾቻቸው ነው። በነፃነት ሊነበብና ሊተረክ የሚችል ረጅም ታሪክ ለሚፈልግ፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና «ጦቢያ» በሚል የሚታወቀው፣ ዘመኑ አልፏል። ድምፅ ያላችሁና ትረካ መጀመር የምትፈልጉ ልጆች ለልምምድ ከዚያ ጀምሩ። አማርኛው ይፈትናችኋል።

ፊደል ለማይቆጥሩ ልጆች

በውጭ አገር ያደጉ፣ አማርኛ የሚሰሙ ግን የማያነቡ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ምርጫው ሌላ ነው። ብዙዎች የሚጀምሩት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከፍተው ነው፣ ልጁም በሁለተኛው ቀን መስማቱን ይተወዋል። ግብሩንም ማዕረጉንም የማያውቅ የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ዓለም ውስጥ መንገድ አያገኝም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ፣ የከተማ ሰው ያለበት አጭር ልብ ወለድ ምረጡ። መጽሐፉም ትረካውም ይኑር። መጀመሪያ ያለ መጽሐፍ ይስማ። ቀጥሎ መጽሐፉን ይዞ፣ ድምፁን በጣቱ እየተከተለ ይስማ፤ ፊደሉን ባያውቀውም የሚያውቀው ቃል የት ላይ እንዳለ መለየት ይጀምራል። ከዚያ ትረካውን አጥፍታችሁ አንድ አንቀጽ ብቻ አብራችሁ አንብቡ። አያት በቤት ካሉ እሳቸው አጠገቡ ይቀመጡ፤ ልጁ ትረካውን እያቆመ «እማማ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ትተው ከነበረ፣ የሚቀጥለውን ታሪክ የሚመርጡት እሳቸው ይሁኑ።